የወንድሜ ስለትና ወይን ጠጁ ሸሚዝ

ያ ቅዳሜ እንደማንኛውም ቅዳሜ ነበር። ጠዋት ከሲልቨር ስፕሪንግ በታምራት መኪና ተነሥተን ቤልትዌይ የሚሉትን የቀለበት መንገድ ይዘን አሌክሳንድሪያ ወረድን። ታምራት ታላቅ ወንድሜ ነው። አሌክሳንድሪያ ዳር ባለ አንድ የበረዶ ሜዳ፣ እዚህ ሪንክ በሚሉት፣ ሁለታችንም እንሠራ ነበር። እሱ በበረዶ ላይ መንሸራተት ያስተምራል፤ ራሱም ይወዳደራል። እኔ የበረዶ ጫማ ስለት እሞርዳለሁ። መንገድ ላይ በመኪናው ማሞቂያ ተጨቃጨቅን። እኔ ሳበራው እሱ ያጠፋዋል። ሰውነቴ ከሞቀ ይሰንፍብኛል አለኝ። እኔ ቀኑን ሙሉ ብርድ ውስጥ የምውል ሰው ነኝ አልኩት። የተነጋገርነው ይኼን ነው። ሌላ የሚታወስ ነገር ተነጋግረን ቢሆን ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር።

እሱ ልጆቹን አስተማረ። እኔ የሆኪ ተጫዋቾችን ጫማ ሞረድኩ። ከምሳ በኋላ በረዶው ባዶ ሲሆን ታምራት ለዓመቱ ትርኢት የሚያዘጋጀውን ተለማመደ። ብዙ ጊዜ ሲለማመድ አላየውም፤ ሥራ አለብኝ። ያን ቀን ግን የመሞረጃውን ድንጋይ እየቀየርኩ ስለነበር በሱቁ መስኮት አየሁት። በአንድ እግሩ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር አቋረጠ። አልዘለለም። ትከሻውን ብቻ ያንቀጠቅጥ ነበር። ከዚያ እኔ የከሰዓት ፈረቃ ስለነበረብኝ ቀረሁ። እሱ ዝናብ ሲጀምር ወጣ። "ጋሽ መርሻ ያደርሱህ የለ?" አለኝ። "አዎ" አልኩት፤ ጋሽ መርሻ ጎረቤታችን ናቸው።

ቤት አልደረሰም። ቤልትዌዩ ወንዙን የሚሻገርበት ድልድይ ላይ ቀረ። ስለ አደጋው ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ይህን ጽሑፍ ስጀምር ስለ ሙያዬ ልጽፍ ነበር። ሪንኩ ውስጥ አዲስ የተቀጠሩ ሁለት የሀበሻ ልጆች ሥራውን እንዴት እንደተማርክ ጻፍልን አሉኝ። ታምራትን ትቼ ሥራውን ብቻ ልጽፍ ሞከርኩ። አልሆነልኝም። ሥራው ውስጥ ያስገባኝ እሱ ነው። ጥሩ መሞረዴን የማውቀውም በእሱ እግር ነበር። ስለዚህ ሁለቱንም እንደመጣልኝ እጽፋለሁ። የተማርኩት እስከ ሃይስኩል ነው። አጻጻፌ ካልጣማችሁ በዚያ ቁጠሩልኝ።

የመጀመሪያ ቀኔ ሰኞ ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ ሃይስኩል ጨርሼ ምን እንደምሠራ ሳላውቅ ቤት ተቀምጬ ነበር። ታምራት ሚስተር ዋልተር ዘንድ ወሰደኝ። ሚስተር ዋልተር የሱቁ ኃላፊ ነው። ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ነው፤ ወታደር ቤት መካኒክ ነበር። እጄን ዘርጋ አለኝና አየው። ቡና ትጠጣለህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩ። ቀንስ አለኝ። የሥራ ቃለ መጠይቁ በዚሁ አለቀ።

ያን ቀን ድንጋዩን አላስነካኝም። መጥረጊያ ሰጠኝ። ከመሞረጃው ሥር የሚረግፈውን የብረት ብናኝ ስጠርግ ዋልኩ። ቤት ገብቼ ስናፈጥ ጥቁር ወጣ። ታምራት አይቶ ሳቀ። "በቃ ተቀጠርክ" አለኝ።

ሰው የበረዶ ጫማ ስለት እንደ ቢላዋ ይመስለዋል። አይደለም። ታቹ ሰፋ ያለ ብረት ነው። መሐሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ቦይ የተቦረቦረ ነው። ከቦዩ ግራና ቀኝ ሁለት ጠርዝ ይቀራል፤ የውስጥና የውጭ። ሰው የሚሄደው በአንዱ ጠርዝ ላይ አዘንብሎ ነው። ቦዩ ጥልቅ ከሆነ ጠርዙ በረዶውን ይነክሳል። ዘሎ ለሚያርፍ ያ ጥሩ ነው። ቦዩ የሳሳ ከሆነ ጫማው ምንም ሳይዘው ይፈስሳል፤ ግን ያልተጠነቀቀን ሰው ይጥላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የሚሽከረከረውን ድንጋይ ፊት በአልማዝ ጫፍ ታስተካክላለህ። ጫማውን መያዣው ላይ ታስራለህ። ከዚያ በአንድ ፍጥነት ድንጋዩ ላይ ትስበዋለህ። መሐል ላይ ቆም ካልክ ብረቱ ይሰረጎዳል፤ የተሰረጎደ አይመለስም። ሲያልቅ ጠርዙ ላይ የቀረውን ሻካራ በዘይት ድንጋይ በእጅህ ታነሣለህ። በመጨረሻ አጭር ቀጥ ያለ ብረት ሁለቱ ጠርዞች ላይ ታጋድማለህ። ካዘነበለ አንዱ ጠርዝ በልጧል ማለት ነው፤ እንደገና ትጀምራለህ። ከስለቱ ፊት ያሉትን ጥርሶች አትንካ። ጀማሪ ሁሉ ጥርሶቹን ይበላቸዋል። እኔም የተጣሉ የኪራይ ጫማዎች ላይ ብዙ ጥርስ በልቻለሁ።

ሚስተር ዋልተር ጫማ ያመጣን ሰው ሁሉ ምን ትሠራበታለህ ብሎ ይጠይቃል። ሆኪ ከሆነ ጥልቅ አድርጎ ይሞርዳል። ዘላይ ከሆነ መካከለኛ። ታምራት ያዘዘው ከሁሉም የሳሳውን ነበር። ሚስተር ዋልተር ዘለህ ስታርፍ ይጥልሃል ብሎ አስጠነቀቀው። ታምራት ብዙ አልዘልም አለ። "ታዲያ ምን ትሠራለህ?" አለው ሚስተር ዋልተር። "እሄዳለሁ" አለው ታምራት።

ታምራት በረዶ ላይ የወጣው ከአገር ቤት እንደመጣን ነው። ትምህርት ቤቱ ለሽርሽር ወስዷቸው ነበር። ሌሎቹ ልጆች ግድግዳውን ይዘው ሲሄዱ እሱ መሐል ገብቶ ወደቀ። ተነሥቶ እንደገና መሐል ገባ። አንዲት ፈረንጅ አሠልጣኝ አይታው ጠራችው። እስከ መጨረሻው ያስተማረችው እሷ ናት። ስሟን እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ አሠልጣኟ እያልኩ እቀጥላለሁ።

በዚህ ስፖርት ለወንዶች ያልተጻፈ ሕግ አለ። ያወቅሁት ሱቁ ውስጥ ሆኜ ነው፤ አሠልጣኞችና ወላጆች ጫማ እየጠበቁ መስኮቴ ላይ ያወራሉ። ወንድ ከሆንክ ትዘላለህ። ስታርፍ ጡጫህን ትጨብጣለህ። ሙዚቃህ ከበሮና ጥሩምባ ነው፤ ሱሪህ ጥቁር ነው። እጅህን ከዘረጋህ፣ አንገትህን ካዘነበልክ፣ ቀስ ካልክ "አርቲስቲክ" ይሉሃል። ቃሉ ምስጋና ይመስላል። ግን ሲሉት ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ቴሌቪዥን ላይ የሚተነትኑትም አንዱን ልጅ ከልባቸው ሊያመሰግኑት ሲፈልጉ እውነተኛ ወንድ ነው ይሉ ነበር። ለሴቶቹ ደግሞ ሌላ ሕግ አለ፤ ጉልበታቸው እንዳይታይባቸው። ስለቱ ግን አንድ ነው። የሴትም የወንድም የምሞርደው በዚያው ድንጋይ ነው።

ታምራት ለደረጃ ማለፊያ ፈተና ያዘጋጀው ትርኢት በማሲንቆ ዜማ ነበር። በዚያ ጊዜ ቃል ያለው ዘፈን አይፈቀድም፤ ስለዚህ ማሲንቆው ብቻውን ያለበት ካሴት ፈልጎ አገኘ። መሐሉ ላይ በአንድ እግሩ እየሄደ ትከሻውን ይሰብቃል። ትከሻው የአባቴ ነው። አባቴ የጎጃም ሰው ነው። ታኮማ ፓርክ አንድ ሠርግ ላይ ዱላውን በትከሻው አግድሞ እስክስታ ሲወርድ ወጣቶቹ ሁሉ መድረኩን ለቀውለታል። በእነሱ አገር ይኼ የወንድ ነው። ፉከራ ያለበት ነው። ታምራት ያን ማታ ከአባቴ ትከሻ ላይ ዓይኑን አልነቀለም።

ፈተናውን እንደጨረሰ ከዳኞቹ አንዱ አሠልጣኟን መስኮቴ አጠገብ አናገራት። ሰማያዊ ኮት የለበሰ ሰውዬ ነው። ታምራት ስለቱን እያደረቀ እኔ ጋ ቆሞ ነበር። ሰውየው የልጁ ጠርዝ በጣም ጥሩ ነው አለ። የትከሻው ነገር ግን የሴት ጭፈራ ይመስላል፣ የእጁም አንጓ ይለሰልሳል፣ ወንድ ወንድ እንዲሸት አድርጊው አላት። ድምፁ ክፋት አልነበረበትም። ሐኪም መድኃኒት ሲያዝ እንደሚናገረው ነው የተናገረው። ታምራት ስለቱን ማድረቁን አላቆመም። ከደረቀ በኋላም ያደርቀው ነበር።

አሠልጣኟ ለአንድ ዓመት ብቻ ትከሻህን ተወው ብላ ለመነችው። ተወው። ጡጫ ጨበጠ። ከበሮ ያለበት ሙዚቃ ተሰጠው። ስለቱንም ጥልቅ አድርጌ እንድሞርድለት ጠየቀኝ። የወደቀበትን ፈተና በሚቀጥለው ጊዜ አለፈ። በዚያ ዓመት በመስኮቱ ስመለከት የማላውቀው ሰው የወንድሜን ጫማ አድርጎ የወጣ ይመስለኝ ነበር።

በዓመቱ መጨረሻ ሪንኩ ትርኢት ያዘጋጃል። ትርኢት ላይ ዳኛ የለም። ታምራት ማሲንቆውንና ትከሻውን መለሰ። ስለቱን አሳሳልኝ አለኝ። ሸሚዙም የተሠራው ያኔ ነው። ወይን ጠጅ ቀለም ነው፤ አንገቱ ክፍት፣ እጅጌው ሰፊ። ደረቱና እጅጌው ላይ ልክ እንደ ካባ ጥልፍ ዶቃ ተሰፍቶበታል። የሰፋችው እናቴ ናት። ሆቴል ውስጥ አልጋ ስታነጥፍ ትውልና ቤት ስትገባ መነጽሯን አድርጋ ትሰፋለች። አባቴ ምንድነው ሲላት የሠርግ ልብስ ነው አለችው። የማን ሠርግ ብሎ አልጠየቃትም።

አባቴ ዋሽንግተን መሐል አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ይሠራል። ታምራትን በረዶ ላይ ያየው በዚያ ትርኢት ቀን ብቻ ነው፤ ከአደጋው በፊት በነበረው ዓመት። ካፖርቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ማሲንቆው ሲጀምር ቀና አለ። ትከሻው ሲመጣ በጣቱ ጉልበቱን ይመታ ጀመር። ከዚያ መብራቱ ሸሚዙ ላይ ሲያርፍ ዶቃው አብለጨለጨ። አባቴ ዓይኑን ወደ ጫማው አወረደ። እስኪያልቅ ቀና አላለም።

በመኪና ስንመለስ ታምራት ይነዳል፣ አባቴ ከፊት፣ እናቴና እኔ ከኋላ ነበርን። ድልድዩን ካለፍን በኋላ አባቴ ተናገረ። "ትከሻህ የወንድ ነው። ልብሱን ግን ከማን ተዋስከው?"

"አባባ፣ ሙሽራ ካባ ለብሶ ሲያብለጨልጭ ማን ሴት አለው?" አለው ታምራት።

"ሙሽራ አንድ ቀን ነው" አለ አባቴ።

እናቴ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታይ ነበር። በማግሥቱ ታምራት ነገሩን ለሚስተር ዋልተር አጫወተው። "ዳኞቹ ትከሻዬን ይቀንሱልኛል፣ አባቴ ሸሚዜን። የቀረኝ ቁርጭምጭሚቴ ነው" አለው። ሚስተር ዋልተር ቁርጭምጭሚትህንም ሳይጠይቁህ ጫማህን ቶሎ እሰር አለው። ሳቅን። እኔ ቤት ስገባ ግን ነገሩ አላሳቀኝም። ዳኛውም አባቴም ወንድ አይደለም ያሉት አንድ ሰውን ነው። የማይወዱት ቦታ ግን የተለያየ ነበር። አንዱ የጠላውን ሌላው ይወድለታል። ሁለቱን የሚያስደስት ሰው ቢፈለግ ትከሻም ሸሚዝም የሌለው ነው።

ሆኪዎቹ ቢራቢሮ ይሉት ነበር። ከእነሱ መካከል አንድ ግዙፍ ሰው ነበር፤ ጫማውን በየሳምንቱ ያመጣልኛል። አንድ ቀን ታምራት አጠገቤ ቆሞ ሳለ ዛሬ ቀሚሱን አልለበሰም ወይ ብሎ እኔን ጠየቀኝ። "ቀሚሱ ላውንድሪ ነው" አለው ታምራት ራሱ። "ለአንተ ግን አይበቃህም።" ሰዎቹ ሳቁ፤ ግዙፉም ሳቀ። ታምራት መልስ ነበረው። ሁልጊዜ መልስ ነበረው። ከሚያስተምራቸው ልጆች የአንዱ አባት ግን መጥቶ ለሥራ አስኪያጁ ልጄ እንደ እሱ እንዲንሸራተት አልፈልግም ሲል፣ ልጁም ወደ ሌላ አስተማሪ ሲዛወር፣ ታምራት ወደ እኔ መጣ። ሱቄ ገብቶ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። ድንጋዩ ሲዞር ሲያይ ቆየና "ልጁ ደህና ጠርዝ ነበረው" አለኝ።

ሰዎች ዛሬም ድረስ ሴት ጓደኛ ነበረችው ወይ ብለው ይጠይቁኛል። አልመልስም። የሚጠይቁት ስለ እሱ አይደለም። ስለ ሸሚዙ ነው።

ወደ ቅዳሜው ልመለስ። ጋሽ መርሻ ታክሲ ነጂ ናቸው፤ ከእኛ ሥር ያለው ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ሊወስዱኝ ሲመጡ ውጭ ሆነው ክላክስ ያሰማሉ እንጂ አይገቡም፤ ብርዱን አይወዱትም። ያን ቀን ከሰዓታቸው ቀድመው መጡ። ሱቁ ውስጥ ገቡ። ድንጋዩ እየዞረ ነበር።

"ልጄ፣ አጥፋው" አሉኝ።

"ይቺን ልጨርስና" አልኳቸው።

"አጥፋው" አሉ። ፊታቸውን አየሁት። ሚስተር ዋልተር መጥቶ አጠፋው።

ለቅሶውን እኛው አፓርታማ ተቀመጥን። ከቤተ ክርስቲያን የሚታጠፍ ወንበር መጣ። ወንዶቹ ሳሎን ነበሩ፣ ሴቶቹ መኝታ ቤት። አሠልጣኟም መጣች። ጫማ ይወለቃል ብላ በር ላይ አውልቃ በካልሲ ገባች። ሴቶቹ መሐል አስቀመጧት። እናቴ አቅፋት አለቀሰች። ሳሎን ውስጥ ደግሞ የሚገባ ሁሉ አባቴን ያጽናናና ጎኑ ያለውን ሟቹ ምን ይሠራ ነበር ብሎ ይጠይቃል። አንዱ አስተማሪ ይላል። አንዱ ስፖርተኛ። ኳስ ተጫዋች ነበር ሲባልም ሰማሁ። ማንም አላረመውም።

በማግሥቱ እትዬ ዘነቡ ከኮሎምቢያ ሃይትስ መጡ። የአባቴ አገር ሰው ናቸው፤ ሙሾ ያወርዳሉ። እዚህ ሙሾ የሚችል ሰው ስለጠፋ ለቅሶ ሁሉ የሚጠራው እሳቸውን ነው። በእነሱ አገር በድሮው ወግ ወንድ ሲሞት ዕቃው ይወጣል። ጠመንጃው፣ ጋሻው፣ የክት ልብሱ አደባባይ ላይ ይታያል። አልቃሽ ዕቃውን እያየች የሰውየውን ሙያ ትጠራለች። እትዬ ዘነቡ ሳሎኑ መሐል ቆመው ነጠላቸውን አደገደጉ። አባቴን የልጁ ሙያ ምን እንደነበር ጠየቁት። ከዚያ "ዕቃውን አውጡልኝ" አሉ።

አባቴ አየኝ። ክፍላችን ገብቼ የታምራትን ቦርሳ አመጣሁ። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። የነበረውን ሰው ሆኖ እንዲለቀስለት፣ ያንኑ ሰው ሆኖ እንዲቀበር። ለእሱ የማደርገው ሌላ ነገር አልቀረኝም ነበር። መጀመሪያ ጫማዎቹን አወጣሁ። ቀጥሎ ሸሚዙን ዘረጋሁት። በመስኮቱ ብርሃን ዶቃው አብለጨለጨ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ዋጠው። እኔ ሰማሁት። አባቴም ሰማው።

አባቴ ተነሥቶ ሸሚዙን ከእጄ ወሰደ። አልቀማኝም። ቀስ ብሎ ነው የወሰደው። አጣጥፎ ከሶፋው ትራስ ሥር አደረገውና ተቀመጠበት። ጫማዎቹን ለእትዬ ዘነቡ አቀበላቸው።

"ሙያው ብረት ነው" አላቸው።

እትዬ ዘነቡ አንዱን ጫማ ስለቱን ወደ ላይ አድርገው ያዙት። በአውራ ጣታቸው ጠርዙን ነካ አደረጉና እጃቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ድምፃቸውን አወጡ።

ብረት ተጫምቶ በረዶ የሚረግጥ፣
ምን ጠላት አገኘው ልብን የሚያስደነግጥ።

ሰዉ አለቀሰ። ወንዶቹም አለቀሱ። ሳቁን የዋጠው ሰውም ሳያለቅስ አልቀረም። አንበሳ ተባለ፣ በረዶ ሰንጣቂ ተባለ፣ ጠላቱን አስበርጋጊ ተባለ። ግጥሙ ጥሩ ነበር። እሳቸው የተሰጣቸውን ዕቃ ይዘው ሥራቸውን በደንብ ሠሩ። እኔ ግን እየቆየ ማን እንደሞተ ጠፋኝ። ታምራት በረዶ ረግጦ አያውቅም፤ ይፈስስበት ነበር እንጂ። አሠልጣኟ የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማ ጫማዎቹን ታይ ነበር። ምን እያሉ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ጀግና ነበር እያሉ ነው አልኳት። አዎ ብላ ራሷን ነቀነቀች። በምን እንደሆነ አልነገርኳትም።

ከሰዓት በኋላ አስከሬኑን ለቀብር ከሚያዘጋጀው ድርጅት ኮል አደረጉ። ልብስ ነገ ጠዋት አምጡ አሉ። አባቴ፣ እናቴ፣ ጋሽ መርሻና እኔ ኩሽና ውስጥ ተሰበሰብን። አባቴ ሙሉ ልብሱን፣ ነጭ ሸሚዝና ከረባት ውሰድ አለኝ።

"ሸሚዙን ይልበስ" አልኩት። የትኛውን እንደሆነ አልጠየቀኝም።

ጋሽ መርሻ ገላጋይ ሆነው ገቡ። ልጁ የወንድሙን ፍላጎት ነው የሚናገረው አሉ፤ ሳጥኑስ ይዘጋ የለ፣ ማን ያየዋል። አባቴ ለስንብት ይከፈታል አለ። ያን ጊዜ እናቴ ከለቅሶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። "የሰፋሁት እኔ ነኝ።"

አባቴ ዞሮ አያት። ከዚያ የተናገረው ለእኔ ነው።

"በቁሙ ሳቁበት። አንተም ሰምተሃል። ትናንት ሊያለቅስ የመጣ ሰው ዛሬ ሳሎኔ ውስጥ ሳቀበት። እሱ መልስ ነበረው፤ አሁን ተኝቷል። ተኝቶ ይሳቁበት ነው የምትለኝ?"

በልጁ አፍሮ ቢሆን ኖሮ እጣላው ነበር። አላፈረም። ፈርቶለት ነው። አባት ለልጁ ሲፈራ ምን ይባላል። እናቴ ሙሉ ልብሱን ልትተኩስ ተነሣች።

በማግሥቱ ጠዋት እናቴ ቦርሳውን በር ላይ ሰጠችኝ። ከጋሽ መርሻ የተዋስኩት መኪና ውስጥ ስከፍተው ከሙሉ ልብሱና ከነጩ ሸሚዝ ሥር ወይን ጠጁ ተጣጥፎ አለ። ከሶፋው ትራስ ሥር መቼ እንዳወጣችው አላውቅም። ሁለቱንም ይዤ ገባሁ። የተቀበለኝ ጎልማሳ ፈረንጅ ነው፤ ትሑት ነበር። በነጩ ፋንታ ይኼን ከኮቱ ሥር ያልብሱት አልኩት። ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ በእጁ ለካው። እጅጌው ሰፊ ስለሆነ ኮቱ ውስጥ አይገባም አለኝ። ዶቃውም በኮቱ ላይ ጎልቶ ይታያል። ግን ይቻላል አለ፤ ለሟች ልብስ መቁረጥ በሙያው የተለመደ ነው። እጅጌዎቹን ቆርጦ፣ የደረቱንም ዶቃ አንሥቶ፣ ቀሪውን ከኮቱ ሥር ያደርገዋል። ማንም አያውቅም። መቀሱ አጠገቡ ነበር።

"ልቁረጠው?" አለኝ።

ሸሚዙን አየሁት። እጅጌ ከሌለው፣ ዶቃ ከሌለው፣ ምኑ ነው የሚለብሰው።

"አይቆረጥ" አልኩት። "ነጩን ያልብሱት።"

አጣጥፎ መለሰልኝ።

ቀብሩ ከሰዓት በኋላ ነበር። ቤት መመለስ ነበረብኝ። ሐዘንተኛ ሥራ እንደማይሠራ አውቃለሁ። ወደ ሪንኩ ነዳሁ። ሚስተር ዋልተር ሲያየኝ ወደ ቤትህ ሂድ አለኝ። ትንሽ ልቆይ አልኩት። ከቅዳሜ ወዲህ ሚስተር ዋልተር ብቻውን ስላልቻለው የሆኪዎቹ ጫማ ወለሉ ላይ ተከምሯል። ሽርጤን አሰርኩ። ድንጋዩን አስተካከልኩና ከላይ ካለው ጀመርኩ። ጠርዞቹ እኩል ነበሩ። የቀብሩ ሰዓት ሲደርስ ፊቴን ታጥቤ ሄድኩ።

ሐዘን ላይ ሥራ ያስረሳል የሚሉ አሉ። አዲስ ለገባችሁት የምነግራችሁ ይኼን ነው። አያስረሳም። ስለቱ ይሞረዳል፣ ወረፋው ያልቃል፣ ሐዘኑ እዚያው ነው።